ዊትስተብል ለምን ከዝርዝራችን ወጣ

ክቡራትና ክቡራን፤ እትዬ ሮማንወርቅ፤ የ«ደርሶ መልስ» ባልደረቦቼ፤

እሑድ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሻችሁ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣችሁት፤ ግማሻችሁ ደግሞ ሁለተኛ ሥራችሁን ስዋፕ አድርጋችሁ፣ ከሰው ጋር ተራ ተለዋውጣችሁ። ሳሚር ኮቹን፣ ትልቁን አውቶቡሳችንን፣ አጥቦ ሳይጨርስ ነው የመጣው፤ እጅጌው ገና አልደረቀም። ይህን የመሰለ ቀን ለአንድ ጡረተኛ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ምግቡን ለሠራችሁት፣ ወንበሩን ከታች ላመላለሳችሁት፣ በሩ ላይ ስሜን በትልቁ ለጻፈው ለብዙነህ እግዜር ይስጥልኝ። «ኪዳኔ» የሚለው ስም በዚያ ቁመት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ይሰቀላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዳናዊት ቅድም ጠጋ ብላ፣ «ጋሽ ኪዳኔ፣ ስፒቹ ሾርት ይሁን፣ ፕሊስ፤ ፉዱ እየቀዘቀዘ ነው» ብላኛለች። ልጄ፣ ሃያ ዓመት ማይክ ይዤ ስለ ሮማውያን ግንብ ሳወራ ማንም ከሚሄድ ኮች ላይ ወርዶ ሊያመልጠኝ አልቻለም። ዛሬም በሩ አጠገብ የቆምኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። ዳናዊት ለምግቡ ስትቆጥር ሃያ ሦስት ነን አለች። እኔም ዝም ብዬ ቆጥሬያለሁ፤ ልማድ ነው፣ አይለቅም። የእኔ ቁጥር ሃያ ሁለት ነው። ማናችን እንደተሳሳትን በኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው አንድ ሰው ይጉደል።

ከመሃላችሁ አዲሶች ስላላችሁ ይህ ሥራ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ እኔ ባቡር ጣቢያ ነበር የምሠራው፤ ቲኬት ቼክ አደርግ ነበር። እትዬ ሮማንወርቅ ደግሞ ኬረር ነበሩ፣ ሽማግሌና በሽተኛ የሚንከባከቡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ኦፍ ያላቸው። እህታቸው ከአዲስ አበባ ወደ ካናዳ ስታልፍ ለሁለት ቀን ለንደን አረፈች። እትዬ ሮማንወርቅ ጣቢያው ድረስ መጡና፣ «ኪዳኔ፣ እህቴ እንግሊዝ አገር ደርሳ ያየችው የእኔን ኪችንና የአንደር ግራውንዱን ጨለማ ብቻ ነው። ጠዋት ሄደን ለእራት የምንመለስበት፣ እግር የማይሰብር ቦታ ንገረኝ» አሉኝ።

እኔም ሴንት አልባንስ ሂዱ አልኳቸው። በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው። የድሮ ግንብ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ዳክዬ አለ። በማግስቱ ደወሉልኝና፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ እንዲህ ያለ አገር እያለ ማንም አልነገረኝም?» አሉ። የተቆጡ ነበር የሚመስለው። እውነትም ተቆጥተው ነበር፤ በእኔ ሳይሆን በሥራው፣ በሺፍቱ፣ ከቤት ወደ ሥራ ከሥራ ወደ ቤት በሄደው ዕድሜ።

«ደርሶ መልስ» የጉዞ ድርጅታችን የተወለደው ከዚያ ስልክ ነው። ደንበኞቻችን እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ቢሮ የሚያጸዱ፣ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ልጅ ይዘው የሚማሩ ናቸው። አንድ ቀን ብቻ ነው ያላቸው፤ ያም ቀን ልብስ ማጠቢያቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ አገር ቤት መደወያቸው ነው። እና እኔ የመጀመሪያውን የጉዞ ማስታወቂያ ወረቀት ስጽፍ ሕግ አወጣሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ የለም። በቀን አንድ ከተማ ብቻ። በከተማውም አንድ የሚታይ ነገር፣ አንድ ጥሩ መቀመጫ፣ አንድ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይኑር። ለአንድ ቀን ተጓዥ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። መጸዳጃ ቤቱን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

ብራይተንን ታስታውሳላችሁ? የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሴቶቹ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ልጆቹ ባልዲና አካፋ ይዘው ወረዱ። አንዷ ዳርቻውን አይታ፣ «ጋሼ፣ አሸዋውስ?» አለችኝ። አሸዋ የለም፤ ያለው ጠጠር ነው። ወረቀቱ ላይ አሸዋ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳልሄድ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ ረግጬ ያላየሁትን ቦታ ጽፌ አላውቅም። ካምብሪጅ ላይ ደግሞ ብዙነህ በጀልባ መግፊያው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጀልባዋ ሄደች፣ እሱ ወንዙ መሃል ከዘንጉ ጋር ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ወረደ። እስካሁን «ዘልዬ ነው» ይላል። አሁን ሳቁ፤ ደስ ይለኛል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ብዙ የሚያስቅ አይደለም።

ሳሚር ሥራ ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ የበጋውን ዝርዝር ስናወጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ጋሽ ኪዳኔ፣ ማርጌት አለ፣ ካንተርበሪ አለ፣ ሮቸስተር አለ። ዊትስተብል እኮ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለምን ዘለልነው?»

እኔም፣ «ነፋሱ ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም» እለዋለሁ። አንድ ዓመት ደግሞ፣ «የከተማው ዝና ኦይስተር ነው፣ ከዛጎሉ ጥሬውን የሚበላ የባሕር ነገር፤ የእኛ ሰው አይበላውም፤ ምን ያደርጋል?» አልኩት። ሳሚር ተቀበለኝ። ኦይስተሩ እውነት ነው፤ ከእኛ ሰው አንድም የሚቀምሰው አላየሁም። ነፋሱ ግን ከማርጌት አይበልጥም። ዊትስተብል ከዝርዝራችን የወጣው በእኔ ምክንያት ነው።

ቅድም የሰጣችሁኝን ይህን የነሐስ ሰሌዳ አያችሁት? እጄ ላይ ከብዶኛል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለማታዩት ላንብብላችሁ። «ለጋሽ ኪዳኔ። ሃያ ዓመት በሰዓቱ ለሄደ፣ ማንንም ሳያስቀር ለመለሰ» ይላል። ጽሑፉ ያምራል። ሁለቱም ግን እውነት አይደሉም። በሰዓቱ ያልሄድኩበት ቀን አለ፤ ያስቀረሁትም ሰው አለ።

ዳናዊት፣ ተይው፤ ምግቡ ይቀዝቅዝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ሃያ ዘጠኝ ሰው ይዘን ዊትስተብል ሄድን። ሹፌሩ የኪራይ ነበር። ከእኔ ጋር የነበረችው ጫልቱ ናት። አዲሶቹ አታውቋትም። ጫልቱ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር የሠራች ልጅ ናት፤ በሥራው ሁሉ ከእኔ ትሻል ነበር። የተሳፋሪዎቹን የልጅ ልጆች ስም ሳይቀር ታውቃለች። የአስጎብኚነት ኮርስ አፕላይ አድርጋ ተቀብለዋት ነበር፤ የሥራ ማስረጃው ከእኛ ነበር የሚጻፍላት።

የቆጠራ ሥርዓታችንን ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜም ያው ነበር። አንዱ በር ላይ ቆሞ እየገባ ያለውን ሰው ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ሌላው ከውስጥ በመተላለፊያው እየሄደ ራስ ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ ኮቹ አይንቀሳቀስም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጣስኩትም እኔ።

ተሳፋሪዎቹ ውስጥ ወይዘሮ ዓይናዲስ የሚባሉ ነበሩ፤ የሃርልስደኗ እማማ ዓይናዲስ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ለንደን ውስጥ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ባሕር አይተው አያውቁም። ጠዋት ቀድመው ገብተው የመስኮቱን ወንበር ያዙ። ስንደርስ ነጠላቸውን አወለቁና ወንበራቸው ላይ አድርገው፣ ቦርሳቸውን ከሥሩ ሸጉጠው ወረዱ። ለምን እንደሆነ ይህ ቤት ሙሉ ያውቃል። የእኛ ሰው ቦታውን የሚይዘው በነጠላ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ነጠላ ያለበት ወንበር ሰው አለበት። «ስመለስም ባሕሩን እያየሁ ልሂድ» ብለውኝ ነው የወረዱት።

መመለሻችን አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሲሆን ሰዉ ገብቶ ነበር፤ ፀሐዩ መትቷቸው፣ ደክሟቸው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ማምሻውን ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ሽምግልና ነበረብኝ። የአንድ ጓደኛዬ ልጅ ሚስት ሊጠየቅለት ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ከረባቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። በእኔ ምክንያት ሽማግሌ ዘገየ እንዳይባል ልቤ ከባሕሩ ዳር ከሄደ ቆይቷል።

በመተላለፊያው እየፈጠንኩ ቆጠርኩ። ከኋላ በኩል ወንበሩ ላይ ነጠላ አየሁ። እማማ ዓይናዲስ ተሸፋፍነው ጋደም ያሉ መሰለኝ። መሰለኝ ብዬ እንዳላልፈው፤ ሁለት እርምጃ ነበር የሚቀረኝ። ሁለት እርምጃ ሄጄ አላየሁም። ነጠላውን ሰው ብዬ ቆጠርኩት። ሃያ ዘጠኝ።

ጫልቱ በር ላይ፣ «ጋሽ ኪዳኔ፣ የእኔ ሃያ ስምንት ነው። አንድ ሰው ይጎድላል» አለችኝ።

«እኔ ሃያ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ።»

«እንድገመው? ሰዓቱም ገና ሩብ ጉዳይ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሁሉም ገብቷል፤ ምን እንጠብቃለን? ወረቀቱን አስተካክይና ፈርሚ።»

ወረቀቱን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ሃያ ስምንቱን ሰርዛ ሃያ ዘጠኝ ጻፈች። ፈረመች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሹፌሩን ሂድ አልኩት። «በሰዓቱ ሄዶ በሰዓቱ የሚመለስ» የሚለው ማስታወቂያችን የኮቹ ጎን ላይ ተለጥፎ ነበር።

ለንደን ገብተን ሰው ወርዶ ሲያልቅ ነጠላው ቀረ። ጫልቱ ሄዳ አነሣችው። ከሥሩ ቦርሳው ነበር፤ ስልካቸውም በቦርሳው ውስጥ። ነጠላውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ እኔም ሰዓቴን አየሁ። እነዚህን ዘጠኝ ዓመታት ሙሉ ብዙ ጊዜ የሚመለስብኝ ያ ሰዓት ማየቴ ነው። ከዚያ ምን አልኩ መሰላችሁ? «በባቡር ቶሎ ሄደሽ አምጫቸው፤ እኔን ሰው ይጠብቀኛል» አልኳት።

እሷ ወደ ዊትስተብል ተመለሰች። እኔ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሄድኩ። በሰዓቱ ደረስኩ። ከረባቴን አሰርኩ። የልጅቱ አባት፣ «ለልጁ ማን ይመሰክርለታል?» ብለው ሲጠይቁ የተነሣሁት እኔ ነበርኩ። «ቃሉን የሚጠብቅ፣ ኃላፊነት የሚሰማው ልጅ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀልኝ። ልጁስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሦስት ወልደዋል። መስካሪው ነው የጎደለው።

ጫልቱ እማማ ዓይናዲስን ያገኘቻቸው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። አንዲት የሰፈሩ ሴትዮ ወንበር አውጥታ አስቀምጣቸው ነበር፤ ሻይም ሰጥታቸዋለች። ፊታቸው ወደ ባሕሩ አልነበረም፤ ኮቹ ወደሄደበት መንገድ ነበር። ጫልቱን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉት፣ «ልጄን፣ አዘገየኋችሁ» ነው።

ይህን ቃል እባካችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተጠራን። እትዬ ሮማንወርቅ ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ተናደው ነበር፤ መናደድ ይገባቸዋል። «ጫልቱ፣ ይህ ፊርማ ያንቺ አይደለም?» አሏት። «ነው» አለች። «ሃያ ዘጠኝ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?» «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

በቂ ጊዜ ሰጥታኛለች። እንድናገር ጠብቃኛለች። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየሁ ነበር።

ለምን አልተናገረችም ትሉ ይሆናል። እሷ ታላቅ ሰውን በሰው ፊት ማጋለጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ጋሼ እያለች አፏን ሞልታ የምትጠራኝን ሰው ውሸታም ልትለው አልቻለችም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም ተሸሸግኩበት። ነጠላውን መቁጠር ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ያን ሰኞ ያደረግሁት ግን ስሕተት አይደለም። ክፋት ነው። ለዘጠኝ ዓመት ሌላ ስም ስፈልግለት ነበር፤ አላገኘሁም።

ጫልቱ በዚያው ሳምንት ከሥራ ወጣች። የኮርሱ ማስረጃ አልተጻፈላትም፤ ኮርሱም ካንስል ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩን ሳወጣ ዊትስተብልን ተውኩት።

እትዬ ሮማንወርቅ፣ እርስዎ የፈረዱት በእኔ ዝምታ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብለው ራስዎን እንዳያስቸግሩ። ዳናዊት፣ አንቺም ያኔ ተማሪ ነበርሽ፤ ለአንድ በጋ ብለሽ ገባሽና ይኸው ሥራውን ትመሪዋለሽ። የገባሽበት ቦታ የጫልቱ ቦታ እንደነበር የነገረሽ የለም። ዛሬ ነገርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ ትሉኛላችሁ። ጡረታ ስወጣ ዴስኬን ሳጸዳ የሃያ ዓመት የጉዞ ወረቀቶች አገኘሁ። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ማርጌት ሰው ወስጃለሁ። ጫልቱ የምትኖረው ማርጌት ነው፤ ከእኛ ከወጣች ጀምሮ እዚያ መሆኗን ሰምቼ ነበር። ዘጠኙንም ጊዜ ባሕሩ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጬ ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቄ ተመልሻለሁ። ለሥራ የሚሯሯጠው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስበትን ቦታ ስጽፍ ኖሬ እኔ ደርሼ ያልተመለስኩበት ቤት አንድ ብቻ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከሴንት ፓንክራስ ባቡር ያዝኩ። ስልኳን ከእማማ ዓይናዲስ ጎረቤት አግኝቼ ደውዬላት ነበር፤ «ይምጡ» ብቻ ነው ያለችኝ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። አርባ ዓመት ሞልቷታል። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሽማግሌዎቹን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ባሕሩን ታሳያቸዋለች። ስንት ሰው ይዛ እንደምትወጣ ጠየቅኳት። «ስድስት። ሁለቴ እቆጥራቸዋለሁ» አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከዛሬው ይረዝማል። ሳልጀምረው ጫልቱ፣ «ጋሽ ኪዳኔ፣ ባቡሩ ከለንደን እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ።»

«ሩቅ አይደለም» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያጠፋሁትን ልናገር ስጀምር ደግሞ እጇን አነሣች። «ይህን ለእኔ አይንገሩኝ። እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩ። ለማያውቁት ይንገሩ። እማማ ዓይናዲስ እስከ ዛሬ ራሳቸውን ነው የሚወቅሱት። በእኔ መዘግየት የዚያች ልጅ እንጀራ ተቆረጠ ይላሉ። ይሂዱና ለእሳቸው ይንገሩ።»

ያንን አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር፤ ማወቅ አልፈለግሁምና። አያችሁ፣ እማማ ዓይናዲስ የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም። ሰው በሌለበት በኩል እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረው፣ አንዱን መንገደኛ ሰዓት ጠይቀው በሰዓቱ ነው የተመለሱት። ለአሥራ አንድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መኪና ማቆሚያው ላይ ነበሩ። ኮቹ የለም። የጋሽ ኪዳኔ ኮች ደግሞ ከሰዓቱ ቀድሞ እንደማይሄድ ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰውየው ሰዓቱን አሳስቶኝ ይሆናል፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ አሉ። የእኔ ጥሩ ስም ነው ያሳመናቸው። ከዚያ ወዲህ ከለንደን ወጥተው አያውቁም። ልጆቻቸው እንውሰድዎ ሲሏቸው፣ «እኔ ሰው አስቸግራለሁ» ይላሉ።

ትናንት ሃርልስደን ሄጄ ነገርኳቸው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ሁሉንም፣ ነጠላውንም፣ ሩብ ጉዳዩንም፣ ሽምግልናውንም ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ታዲያ እኔ አልዘገየሁም ነበር?» አሉኝ።

«አልዘገዩም፣ እማማ። አምስት ደቂቃ ቀድመው ነው የደረሱት። የሄድነው እኛ ነን።»

«አምስት ደቂቃ ቀድሜ» አሉ። ደገሙት። ከዚያ፣ «አንተ ኪዳኔ፣ ዘጠኝ ዓመት ይህን ይዘህ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?» አሉኝ። የሚያሳፍረው እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ስወጣ ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። በሩ ላይ ግን፣ «ያ ባሕር አሁንም ይኬድበታል?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ይህን ሰሌዳ አልወስደውም፤ የተጻፈበት ሰው እኔ አይደለሁም። እትዬ ሮማንወርቅ፣ ለጫልቱ በዚያ ዓመት ያልተጻፈላትን ማስረጃ አሁን ይጻፉላት። ለምን ይጠቅማታል እንዳትሉኝ፤ ባይጠቅማትም ይጻፍ። ሦስተኛው ለሳሚር ነው። ዊትስተብልን ወደ ዝርዝሩ መልሰው። ነፋሱ ምንም አይልም። የመስኮት ወንበር ለእማማ ዓይናዲስ ይያዝ፤ እኔም እንደ ተሳፋሪ እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ቆጠራው ላይ እጄን አላስገባም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ።

ዳናዊት፣ ሃያ ሦስት ነው ያልሽው፤ አይደል? እስቲ ከጎኔ ያለውን ወንበር እዪው። ጠዋት ስገባ ነጠላ አድርጌበታለሁ። ሦስት ሰው መጥቶ «ተይዟል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ተይዟል አልኩ። ሦስቱም ይቅርታ ብለው ሌላ ቦታ ሄዱ። አንቺም ምግብ ስትቆጥሪ አይተሽ ቆጠርሽው። አልፈርድብሽም፤ ነጠላ ያለበት ወንበር ሰው አለበት። ሰው ግን የለበትም። ጫልቱን ጠርቻት ነበር፤ «ሺፍት አለኝ» አለችኝ። ሺፍት ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ ለመጠየቅም መብት የለኝም። ሃያ ሁለት ነን። አንድ ሰው ይጎድላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይጎድለን ነበር፤ ቁጥሩ ሞልቷል ብዬ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።

በሉ፣ ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ይቅርታ። ሥራችሁን ይባርክላችሁ። ሺፍታችሁ ይቅለል፣ ኦፋችሁ ይብዛ። ልጆቻችሁ ይህን አገር ከመስኮት ሳይሆን ወርደው ይዩት። እትዬ ሮማንወርቅን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሳሚር፣ መንገድህ ሁሉ ቀና ይሁን፤ ነጠላ ባየህ ቁጥር ሁለት እርምጃ ጨምረህ ሄደህ እየው። ሁላችሁም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ከመንገድ የሚቀር አይኑርባችሁ። ቢቀርም ደግሞ እንደ ጫልቱ በዚያው ቀን ባቡር ይዞ የሚመለስለት ሰው ይስጠው፤ እንደ እኔ ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ አይሁን።